አልጠፋም ያለው የአቶ ኸርሎፍ ፋይል

በስልክ መስመር ፋይል የሚለዋወጡ ሰዎች ባሉበት አገር ሁሉ አንድ ኸርሎፍ አለ። ከሌለም ገና ስልክ አልገባለትም ማለት ነው። ማሽን ሥራውን በራሱ ሲሠራ እኛ እፎይ እንላለን፤ እሱ ግን መጨነቅ የሚጀምረው ያኔ ነው።

የኛው፣ ክቡር አቶ ኸርሎፍ ታሚንኻ፣ ጡረታ የወጡ የቦይ በር ጠባቂ ናቸው። እንደ እኔው እዚሁ የባሕር ዳር ከተማችን ዴልፍዛይል ኮምፒዩተራቸውን ከስልክ ጋር አገናኝተው፣ ሰው እየደወለ መልእክትና ፋይል የሚወስድበት ሰሌዳ ከፍተዋል። እንዲህ ያለን በአካባቢው አሥራ አራት ነን። እኔ በየሳምንቱ ባሕሩ የሚመጣበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት የያዘ ሠንጠረዥ ለሁሉም እልካለሁ። አብራው አንዲት ትእዛዝ ትሄዳለች፦ «ይህ ሲደርስ ያለፈውን ሳምንት አጥፋ።» የአሥራ ሦስታችን ማሽን ይታዘዛል። የአቶ ኸርሎፍ እምቢ አለ።

ቅዳሜ ለምሳ ስቀርብ ስልኩ ይጮኻል።

«አንተ ልጅ፣ አሮጌው አልጠፋም!»

«ደህና ዋሉ አቶ ኸርሎፍ?»

«ምን ደህና እውላለሁ! ዲስኩ ሊሞላ ነው። ሲሞላስ? አዲሱ አልገባም ቢልስ? ሰው በአሮጌ ሰዓት ባሕሩ የሸሸበት ጭቃ ላይ ወጥቶ ውሃ ቢበላውስ?»

«የነካኩት ነገር አለ?»

«እኔ? ኧረ ምን በወጣኝ!»

እንዲህ አራት ወር ሄድን። የማዋቀሪያ ፋይላቸውን መስመር በመስመር በስልክ አስነበብኳቸው፤ ነጥቧን ሳይቀር «ነጥብ» እያሉ አነበቡልኝ። ፕሮግራሙን ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ አስጫንኳቸው። ሙቀት ይሆናል ብለው ለማሽኑ መስኮት ከፈቱለት፤ ደግሞ ብርድ እንዳይመታው ብለው ዘጉት። ባለቤቴ ስልኩ ሲጮኽ ሾርባዬን ወደ ምድጃው መመለስ ለመደች።

በመጨረሻ ሰለቸኝ። አሥራ ስድስት አሮጌ ሠንጠረዥ ተከማችቶባቸዋል። አንድ ጊዜ ልገላግላቸው ብዬ፣ በትእዛዟ ላይ የሳምንቱን ቁጥር ትቼ ኮከብ ጻፍኩ፦ በ«ዋድ» የሚጀምረውን ሁሉ አጥፋ። ዋድ ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠው ጭቃችን ነው፤ ሠንጠረዦቼን ሁሉ በእሱ ነው የምሰይማቸው። እንደ ልማዴ ለሁሉም ላክሁና በሰላም ምሳዬን በላሁ።

እሁድ ጠዋት ወይዘሮ አፍከ ቦልሃውስ ደወሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሽማግሌ ዓሣ አጥማጆች አፍ እዚያው ዋድ ላይ ያለውን የእያንዳንዱን የአሸዋ ቁልል ስም እየለቀሙ የመዘገቡ ሴት ናቸው። ስሙን ከነገሯቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሞተዋል። የራሳቸው ዲስክ በፀደይ ስለተበላሸ፣ መዝገቡ ያለው በእኛ ሰሌዳዎች ላይ ብቻ ነበር። የፋይሉ ስም በምን እንደሚጀምር ልንገራችሁ?

«ልጄ፣ ከሰሌዳህ ላይ አጣሁት እኮ። ሌሎቹ ጋ አለ አይደል?»

«አለ፣ አለ!» አልኳቸው።

አሥራ ሁለት ሰው ጋ ደወልኩ። አሥራ ሁለቱም ጋ የለም። መቼም እንደዚያ ቀን ትእዛዜ ተከብሮ አያውቅም። የአቶ ኸርሎፍ ስልክ ተይዟል። ብስክሌቴን አንስቼ በረርኩ፤ የሰባት ዓመት ልፋት፣ የሞቱ ሰዎች ቃል፣ በአንዲት ኮከብ! ለሴትዮዋ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?

በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አሁንም አልጠፋም! ምንም! አንድም!»

«አንድም?» ልስማቸው ትንሽ ነው የቀረኝ።

ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። አሥራ ስድስቱ አሮጌ ሠንጠረዦች ተሰልፈዋል። ከሥራቸው የወይዘሮ አፍከ መዝገብ፣ አንድ ስም ሳይጎድለው። እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም። አቶ ኸርሎፍ ስለ ዲስኩ የማለቅስ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

መዝገቡን በዲስኬት ስቀዳ ነው ነገሩን ያየሁት። እያንዳንዱ ፋይል ላይ «አይነካ» የሚል ምልክት ተደርጎበታል።

«ይሄን ማን አደረገው?»

«እኔ ነኛ! በየቅዳሜው፣ ልክ እንደገባ። ክፉ እንዳይነካው ብዬ። ምነው?»

አራት ወር ሙሉ የታገልኩት ከዚህ ጋር ነበር። በገዛ እጃቸው ቆልፈው፣ ለምን አልጠፋም ብለው ሲያምሱኝ የኖሩ ሰውዬ!

መዳፋቸውን እያሻሹ አጠገቤ ቆመዋል። «አገኘኸው እንዴ ችግሩን?»

አንድ ቃል ብተነፍስ ነገሩ ያልቃል። ደግሞ በኮምፒዩተር ጉዳይ፣ ከዛሬ ጠዋት በቀር፣ ለማንም ዋሽቼ አላውቅም።

«አላገኘሁትም አቶ ኸርሎፍ» አልኳቸው። «ለእርስዎ የሚያስፈልግዎ ሰፋ ያለ ዲስክ ነው። እኔው አመጣልዎታለሁ።»