ማዳመጫውን የሰጠኋት እኔ ነኝ

ጓዶች፣ ዛሬ የሆንኩትን ስትሰሙ እናንተው ታፍሩልኛላችሁ።

ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ እየጋለ ነው!

ቦሌ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከአካባቢው ሰው ጋር ስለ ቆዳ ቀለምና ስለ መገለል የሁለት ቀን ውይይት አዘጋጅቷል። እኔና ጓደኛዬ ቢኒ በር ላይ የትርጉም ማዳመጫ እንድናድል ተቀጠርን። አማርኛ የማይሰማ እንግዳ ጆሮው ላይ ያደርገዋል፣ አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ ይነግረዋል። ሥራው ይኸው ነው።

እኔን ታውቁኛላችሁ። ሁሉንም በአልኮል ጠረግኩ፣ ባትሪያቸውን አየሁ፣ ገመዳቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ጠቀለልኩ። የመድረኩን ባነር ሳይቀር በስልኬ ውሃ ልክ እየለካሁ ያቃናሁት እኔ ነኝ። "እዚህ ማንም እንግዳ አይደለም" ይላል።

አዎ፣ እሱን የሰቀልኩት እኔ ነኝ!

ከዚያ አንዲት ሴት መጣች። ረጅም፣ በጣም ጥቁር፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች።

እንግሊዝኛ የተማርኩት ብቻዬን፣ ከስልክ ላይ ነው። በሱ የማናግረው ሰው የለኝም። እና ሳያት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ!

"ዌልካም ማዳም! ቻናል ዋን ኢዝ ኢንግሊሽ!"

ድምፁ የሚጨመርበትን ቁልፍ ሁሉ በጣቴ አሳየኋት። ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ።

ከኋላዋ ቁርጥ የኛን ሰፈር ልጅ የመሰለ ቀይ ዳማ ሰውዬ ተከተለ። "ግባ ወንድሜ፣ ሊጀመር ነው" ብዬ ትከሻውን መታ አደረግኩት።

ለሱ ማዳመጫ? ለምን ብዬ!

ትንሽ ቆይቶ የዕለቱ ዋና ተናጋሪ ተጠራች።

ቢጫው ቀሚስ ተነሳ።

"እንደምን አደራችሁ! የጋምቤላ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ግን እዚሁ ቦሌ ሚካኤል ነው።"

ቦሌ ሚካኤል! የኔ ሰፈር!

ማዳመጫውን ከቦርሳዋ አውጥታ ከፍ አደረገችው። "ይሄን አንድ ወንድሜ በር ላይ ሰጠኝ። አማርኛው እንዳይቸግረኝ ብሎ።"

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

በሩ ላይ ሁለት ነን። ቢኒ ለፍላፊ ስለሆነ ጥፋት ሁሉ የሱ ይመስላል። አሠሪያችን ወይዘሮ አልማዝ በቀጥታ መጥተው የቢኒን ባጅ ያዙ። "አንተ ነህ፣ አይደል? አውልቅና ውጣልኝ!"

ቢኒ አየኝ። ግን ስሜን አልጠራም።

ሰው ፊት እጄን አውጥቼ አላውቅም። አወጣሁ። ማይክ መጣልኝ።

"አይ... አይ አም ሶሪ።"

በእንግሊዝኛ!

ለሷ! እንደገና!

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ፊቷ ያለውን ጠረጴዛ ይዛ ሳቀች። "በአማርኛ ብትለኝም እኮ ይገባኛል፣ የኔ ወንድም!"

ሳቁ ሲበርድ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ዛሬ ብቻ ቢሆን ጥሩ ቀልድ ነበር። ትናንት ግን ሰፈሬ ዳቦ ስገዛ ሻጩ የዳቦውን ዋጋ በጣቱ ነው ያሳየኝ።"

ያኔ ማንም አልሳቀም።

"ይቅርታ" አልኩ። ይሄኛው በአማርኛ ወጣ።

ከመጀመሪያውም ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር፤ ያ ቀይ ዳማ። ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ ጮክ ባለ ድምፅ "ዋት ሃፕንድ?" ሲል ሰማሁት።

ለካ ሰውዬው ከብራዚል የመጣ እንግዳ ነው! ትከሻውን መታ አድርጌ፣ ያለ ማዳመጫ አስቀምጬው!

እሷም ሰማችው። ማዳመጫዋን ወደኔ ዘርግታ "በል ለባለቤቱ አድርስ" አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ሄጄ አደረስኩ።

ወይዘሮ አልማዝ የቢኒን ባጅ ለቀቁ፣ የኔን ወሰዱ። ነገ አትምጣ ተብያለሁ። ልክ ናቸው።

ቢኒ እስካሁን "ማዳም" እያለ ይጠራኛል።

ለነገሩ ነገ ሥራ ስለሌለኝ ጠዋት ዳቦ የምገዛው እኔ ነኝ። እዚያ ሰልፍ ላይ ብትመጣስ? ከመስታወት ፊት ቆሜ "እንደምን አደርሽ" ማለት እየተለማመድኩ ነው።

ሰው በገዛ ቋንቋው ሰላምታ ይለማመዳል እንዴ?!