ሦስት ማሰራጫ፣ አንድ ቡራሌ

በየመሥሪያ ቤቱ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሳይጠይቁት የሚያርም አንድ ሰው አይጠፋም። ለማርያን የደረሷት ክቡር አቶ ቡራሌ ነበሩ። ሥራቸው የዕቃ ግምጃ ቤት ጥበቃ ይሁን እንጂ ድሬዳዋ ውስጥ የማያገባቸው ነገር አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪውን ስለ እሳት፣ ሐኪሙን ስለ መርፌ ያስተምራሉ። የሬዲዮ ኦፕሬተሯን ማርያንን ደግሞ «አቦ፣ ልክ አይደለሽም! እጅሽ ይዘገያል!» እያሉ ሰባት ዓመት ሙሉ ደሟን አፍልተዋል።

በ1975 ነሐሴ የመሥሪያ ቤታቸውን እህል ከጫኑ አምስት መኪኖች አንዱ በረሃ ላይ ተበላሸና ሁሉም ደረቅ ወንዝ ውስጥ ቆሙ። ከቀትር በኋላ የሐረር ተራራ ጠቆረ። ጎርፉ መውረዱ ነው! ማርያን «ከወንዙ ውጡ» እያለች በሞርስ፣ በአጭርና በረጅም የድምፅ ምልክት፣ ደጋግማ መታች። የመኪኖቹ ሬዲዮ ሠራተኛ አብሺር ግን የመብረቁ ጩኸት እየዋጠበት «አይሰማም፣ ድገሚ» ብቻ ይላል።

አቶ ቡራሌ ዘው አሉ።

«አንድ ማሰራጫ አይበቃም! ያንቺ፣ የሳቢያን ሰፈሩ መጋዘን፣ የጋራዡም፣ ሦስቱ በአንድ ሞገድ፣ በአንድ ቅጽበት ይምቱ። ያኔ ይደጋገፋሉ።»

«ያለ ፈቃድ? ያስሩናል እኮ!»

«ሰው ከሚሰምጥ እኛ እንታሰር!»

ሁለት ስልክ በሁለት ጆሯቸው ለጥፈው ሲያንባርቁባት ማርያን በንዴት ጦፈች። ሞገዶቹ ስላልገጠሙ ሬዲዮው ያፏጫል።

«ዋሪያ ሙመድ፣ አንተ የሳቢያኑ! ሞገዱን ትንሽ ዝቅ! አሁን ጋራዥ!»

ፉጨቱ እየወፈረ ሄዶ ጠፋ። በእሳቸው ቆጠራ ሦስት እጅ እንደ አንድ እጅ መታ። ድምፁ አንዴ ይጎላል፣ አንዴ ይደክማል፤ ስለዚህ ዘጠኝ ጊዜ አስደገሟቸው። በዘጠነኛው አብሺር «ሰማሁ፣ እየወጣን ነው» አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላም «ወንዙ መጣ። ሁላችንም ዳገቱ ላይ ነን» ሲል መለሰ።

ማርያን አለቀሰች። አቶ ቡራሌ ግን «ስድስተኛው ላይ ዘግይተሻል» አሏት።

በማግስቱ ሽጉጥ የታጠቀ አንድ ጓድ መጣ።

«ሦስት ማሰራጫ ያለ ፈቃድ ያስነሳ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ማርያን።

«ውሸቷን ነው!» አሉ አቶ ቡራሌ ተቆጥተው። «እሷ ይህን ከየት አባቷ ታስበዋለች?»

አቶ ቡራሌን ወሰዷቸው። በአራተኛው ቀን ከጎርፉ የተረፉት ሾፌሮች ደርሰው መሰከሩላቸውና አቶ ቡራሌ ተፈቱ። እስከዚያ ግን ማርያን በየቀኑ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ስትጮህ ዋለች። ዘበኛው ቢሰለቸው ጊዜ «አባትሽ ናቸው ወይ?» አላት።

«አዎ፣ አባቴ ናቸው! ምን አገባህ?»