ስለ ስኳርና ስለ ጨው የተጻፈ የጋሼ ሞለኪውል ዜና መዋዕል

ቾክ በጠፋ በሦስተኛው ወር፣ የዘጠነኛ «ሐ» ክፍል አለቃ፣ የአቶም መርማሪ፣ ነጭ ጋዋን ለባሽ፣ ተማሪዎቻቸው ጋሼ ሞለኪውል የሚሏቸው የኬሚስትሪ መምህር በጊዜያዊ ቅጥር በተሾሙ በሁለተኛው ዓመት፣ በይእቲ ዕለት ይህ ሁሉ ሆነ።

ነገሩም እንዲህ ነው፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቷ ሱፐርቫይዘር መጥተው አንድ ክፍለ ጊዜ ያዩዋቸዋል፤ እሳቸው ከወደዱ ጋሼ ቋሚ ይሆናሉ፣ ካልወደዱ ጋዋናቸውን አጣጥፈው ወደ ቤታቸው ነው።

ወእምድኅረ ዝንቱ ሠራዊታቸውን አሰለፉ፤ በቀኝ የጨው ውሃ በብርጭቆ፣ በግራ የስኳር ውሃ በብርጭቆ፣ በመካከል አራት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት ሽቦ፣ አንዲት ማማሰያ ማንኪያና የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ አምፖል፤ በፊታውራሪነት የፊት ወንበር ጎበዞች፣ በደጀንነት የኋላ ወንበር እንቅልፋሞች፣ እነርሱም ቁጥራቸው ብዙ ነው። አዋጅም አስነገሩ፦ «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ትዳሩ ይፈርሳል፤ ሶዲየም ወዲያ፣ ክሎራይድ ወዲህ፣ ሁለቱም የኤሌክትሪክ ቻርጃቸውን ይዘው ይሮጣሉ፣ አምፖልም ይበራል። ስኳር ግን ቢሟሟም የሞለኪውሉ ቤተሰብ አይበተንም፤ አምፖልም አያበራም!»

ሽቦውን በጨው ውሃ ነከሩት፤ አምፖሏ ቦግ አለች፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። ወደ ስኳሩ ተሻገሩ። ወይ ጉድ! አምፖሏ ፈዘዝ ብላ በራች። ያን ጊዜ ደጀኑ ነቃ፣ ሱፐርቫይዘሯም ብዕራቸውን መዘዙ፤ ለጋሼ ሞለኪውልም ቋሚ ቅጥራቸው ዓይናቸው እያየ ሲሟሟ ታያቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ባትሪውን ይረግም፣ ሽቦውን ይከስ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እሳቸውም ለአፍታ አስበውት ነበር። ግን ማንኪያዋን አዩ። ጨዉን ያማሰሉባት ያችው ማንኪያ ሳትታጠብ፣ ከነጨዋ፣ ዘው ብላ ስኳሩ ውስጥ ገብታ ኖሯል። ጆሯቸው በእፍረት ጋለ፤ ሆኖም ማንኪያዋን እንደ ሰንደቅ ከፍ አድርገው ዳግመኛ አዋጅ አስነገሩ፦ «ስኳሩ ንጹሕ ነው! ጥፋቱ የኔ ነው፤ ባልታጠበ ማንኪያ አማስዬዋለሁ። በሉ እንደገና እንሥራው!»

ብርጭቆው ታጠበ፣ ማንኪያዋ ሁለቴ ታጠበች፣ ሽቦውም ተጠረገ፣ የተጣራ ውሃ ተቀዳ፣ ስኳር ተጨመረ። አርባ ሁለት ተማሪ ትንፋሹን ዋጠ። ሽቦው ገባ፤ አምፖሏ ግን ጭጭ! ተማሪው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ፤ ክፍሉም በጩኸት ተናጋ፣ የጎረቤቱ ክፍል የሒሳብ መምህር ግድግዳውን እስኪደበድቡ ድረስ።

ሱፐርቫይዘሯም ተነሥተው አወጁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ናቸው! የተሳካ ሙከራ ብዙ አይቻለሁ፤ ተማሪ ፊት ቆሞ ‹ተሳስቻለሁ› ያለ መምህር ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ዕድሜያቸው ይርዘም፣ ክብራቸው ይስፋ! ሌላው ጀግና ብርሃን አበራ ተብሎ ሲወደስ፣ ጋሼ ሞለኪውል አምፖላቸው እምቢ ስላለች አርባ ሁለት ሰው ቆሞ ያጨበጨበላቸው ብቸኛው ጀግና ናቸውና።