ባለ አንድ ዓይኑ ዘንዶ

ዓለምሰገድ፦ አንድ ዓይን ነው ያለው ስልህ።

ደግፌ፦ ሌላው በዚያ በኩል ይሆናላ፣ ጋሼ። ዶሮም በጎን ሲያዩዋት አንድ ዓይን ነው ያላት።

(ክርክሩ በስደት አገር፣ ዊልስደን ሰፈር፣ ደግፌ ፍላት ውስጥ ነው። ደግፌ ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ አንዴ ከገባው ግን ንቅንቅ የለም። መስኮቱ ላይ ዘንዶ የተሳለበት የቻይና ሸክላ የአበባ ማስቀመጫ ቆሟል። ሸመታቸውን ደረጃ ለደረጃ ይሸከምላቸው የነበሩት ቻይናዊት ጎረቤቱ ሲሞቱ የተዉለት ነው፤ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ እሱን ይወዳል። ነገ የንስሐ አባቱ ቤቱን ጸበል ሊረጩለት ይመጣሉ። ዛሬ ደግሞ የቴሌቪዥን የጥንት ዕቃ ፕሮግራም አንድም የማያመልጣቸው ጋሽ ዓለምሰገድ፣ አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው ከች ብለዋል።)

ዓለምሰገድ፦ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይተህ አታውቅም? ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ። ኃጥእ በጎን፣ ባንድ ዓይኑ። ይሁዳን ልብ ብለህ እየው።

ደግፌ፦ ይሄ እኮ የቻይና ነው። ሕጋችንን ማን ነገረው?

ዓለምሰገድ፦ ኃጢአት ቪዛ ይጠይቃል እንዴ? (ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በመነጽሩ የዘንዶውን ጥፍር አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ምራቃቸውን ይውጣሉ።)

ደግፌ፦ ምነው ጋሼ፣ ላብ አጠመቀዎት?

ዓለምሰገድ፦ ክፋቱን አይቼ ነዋ። ዕቃው ራሱ እርባና የለውም፤ ብሪክስተን ገበያ ሞልቷል። (ደግመው ዓይናቸውን ጨፍነው ከሥሩ ያለውን ማኅተም ቼክ ያደርጋሉ።) አባ ይህን ቢያዩ ምን ይሉሃል? እኔ ልውሰድልህ። ሰፈሬ ኪልበርን ስደርስ እጥለዋለሁ።

(ደግፌ ሸክላውን አየት አደረገ። አሮጊቷ "ስታየው አስታውሰኝ" ያሉት ትዝ አለው። ግን አባን ማሳዘንም አልሆነለት።)

ደግፌ፦ የቆሻሻ ቢን እኮ እዚሁ ታች አለ።

ዓለምሰገድ፦ ሸክላ ሪሳይክል አይደረግም፤ ካውንስሉ ይቀጣሃል። (አንገታቸው ላይ ያለውን ሻርፕ ፈተው እንደ አራስ ልጅ ይጠቀልሉታል።)

ደግፌ፦ የሚጣለውን ምን ያስጠቀልለዋል?

ዓለምሰገድ፦ ብርድ እንዳይመታው... ማለቴ፣ ሰው እንዳያየው።

ደግፌ፦ ቆይ ጋሼ፣ ኃጢአቱ የኔ ነው፤ ለምን እርስዎ ይሸከሙታል? (ወደ ጓዳ ገብቶ መዶሻ ይዞ ይመለሳል። ከልቡ ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።) ያስቀምጡት። በገዛ እጄ ላድቅቀው።

(መዶሻው ወደ ላይ ይነሳል። ጋሽ ዓለምሰገድ ዕቃውን አቅፈው መሬት ላይ ይቀመጣሉ።)

ዓለምሰገድ፦ በማርያም! ባለ አምስት ጥፍር ዘንዶ የንጉሥ ዕቃ ነው! እንዲህ ያለውን ሙዚየም ነው የሚያስቀምጡት!

(ደግፌ መዶሻውን ቀስ ብሎ አወረደ። ነገሩ እየገባው ነው።)

ደግፌ፦ እርባና የለውም አላሉም?

ዓለምሰገድ፦ እሱማ... በሌላው ዓይኔ ደግሜ ሳየው...

ደግፌ፦ የቱ ዓይንዎ? ከመጡ ጀምሮ እኮ አንዱን ጨፍነው ነው ያሉት።

(ጋሽ ዓለምሰገድ የጨፈኑትን ዓይን ገለጥ ያደርጋሉ። ደግፌ ሸክላውን ከእቅፋቸው ወስዶ መስኮቱ ላይ መለሰና ሻርፓቸውን አቀበላቸው።)

ደግፌ፦ የዘንዶውን ነገር ነገ አባን እጠይቃለሁ። እርስዎም ይምጡ፣ ጋሼ። ብቻ አደራ፣ አባ ሲገቡ ፊት ለፊት ይቁሙ።