ለሁለት የተከፈለች የጨጓራ ክኒን

ሰው በሽታውን መርጦ የሚታመም ቢሆን ኖሮ፣ በደርግ ዘመን ማንም ከመታመሙ በፊት መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ «ምን አላችሁ?» ማለት ነበረበት። እኔ ግን ዱሮም አርቆ ማሰብ አልሆነልኝም። የምኖርባት የሐይቅ ከተማ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ በወባ ክኒን ተሞልቶ ሳለ፣ ወባን የመሰለ ሁሉ ነገር የተሟላለት በሽታ ትቼ ጨጓራ ታመምኩ። ምን ታደርጉኛላችሁ!

ደሴ ያየኝ ሐኪም ክኒን አዘዘልኝና «በርበሬ እንዳትቀምስ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። እኔ በርበሬውን ተውኩት፤ ክኒኑ ደግሞ እኔን ተወኝ። አንድ ሰሞን ውጬው ደህና ሰው ሆኜ ነበር፤ ከዚያ ድራሹ ጠፋ። የመድኃኒት ቤቱ ሰው የማዘዣ ወረቀቴን ሳይዘረጋው «አልመጣም» ይለኛል። ደሴም አልመጣም። ሥራዬ ማስተማር ነው፤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ስለ ሰፊው ሕዝብ ትግል ሳስረዳ ቃሩ ከሆዴ ተነስቶ ጉሮሮዬ ላይ ይደርስና ንግግሬን ይቆርጠዋል። ተማሪዎቼ ስሜት ያነቀኝ እየመሰላቸው ጸጥ ይሉልኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ሰሞን ተከብሬ አላውቅም። ጋደም ባልኩ ቁጥር ግን ደረቴ ውስጥ እሳት ይነዳል፤ ተቀምጦ ማደር ሰልችቶኝ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

በዚህ መሃል ነው ውጫሌ አያ ይማም የሚባሉ ነጋዴ ያንኑ ክኒን እንደሚውጡ፣ የሚልክላቸውም አሰብ ወደብ የሚሠራው ልጃቸው እንደሆነ የሰማሁት። ቅዳሜ ጠዋት የእህል መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ሄድኩ።

«ገብተህ ክኒን ስጡኝ አትልም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ወሎ ውስጥ እንግዳ እህል ሳይቀምስ ጉዳዩን አይናገርም፤ ባለቤቱም አይጠይቀውም። የአያ ይማም ባለቤት እትዬ ዘይነባ፣ እኔ ክርስቲያን እነሱ እስላም ናቸውና የሥጋው ነገር ከአንድ ትሪ እንዳይለየን ብለው ምስር ወጥ ሠሩ። ምን ያለ ምስር! ገና ከደጅ ሽታው ያስነጥሳል። አልበላም ብል ንቀት ነው፤ አሞኛል ብል ጉዳዬን ከምግቡ ማስቀደሜ ነው። በላሁ። አያ ይማምም አብረውኝ በሉ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ እያለ፣ በየጉርሻው መሃል ደረታቸውን እያሻሹ። ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

እጃችንን ከታጠብን በኋላ ጉዳዬን ተናገርኩ። አያ ይማም ደረታቸውን ይዘው ሳቁ።

«ያ ረቢ! እኔኮ በርበሬ ከተውኩ ቆየሁ። እንግዳ ብቻውን አይበላም ብዬ እንጂ መች እነካው ነበር!»

«እኔም እንዳይከፋችሁ ብዬ ነው» አልኩ።

ሄደው ብልቃጡን አመጡ። ውስጡ የቀረችው አንዲት ክኒን ብቻ ናት፤ ለካ አሰብም ጠፍቷል።

«እንካ ልጄ፣ ዋጣት።»

«ኧረ እርስዎ ይዋጧት።»

«በሞቴ!»

«አፈር ስሆን!»

አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ዓይኔ ከክኒኗ ላይ አልተነሳም። «አፈር ስሆን» ባልኩ ቁጥር እሺ እንዳይሉኝ ልቤ ድው ይል ነበር። እሳቸውም «በሞቴ» ሲሉ ክኒኗን የያዘው እጃቸው ወደኔ ከመዘርጋት ይልቅ ወደ ራሳቸው እየተሰበሰበ መጣ።

ይሄኔ እትዬ ዘይነባ ክኒኗን ነጥቀው በቢላ ለሁለት ከፈሏትና ለእያንዳንዳችን ግማሽ ግማሿን አጎረሱን። መዋጣችንን ቆመው ካዩ በኋላ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ትሪውን መልሰው አቀረቡና ምስሩን ከፍ አድርገው ጨለፉበት።

«አልሐምዱሊላህ! ለካ ቅድም እየፈራችሁ ነው የበላችሁት። መድኃኒቱን ከዋጣችሁማ ምን ቀራችሁ፤ በሉ እንግዲህ በደንብ ብሉልኝ!»

አያ ይማም እኔን አዩኝ፤ እኔም እሳቸውን አየኋቸው። ሁለታችንም እጃችንን ወደ ትሪው ሰደድን።