ቆመው የሸኙ በሽተኛ

በእኛ አገር በሽተኛ መሆን ጉልበት ይጠይቃል። ጤነኛ ቤቱን ዘግቶ ጋደም ቢል ማን ዞር ብሎ ያየዋል? አመመው ከተባለ ግን ነገሌ ከተማ በሙሉ ሙዙን አንጠልጥሎ ከተፍ ነው። ሳይጠይቁ መቅረት ነውር፣ ተኝቶ እንግዳ መቀበልም ነውር። እንግዲህ በሁለት ነውር መሃል የታመመ ጉበት ምን ይሁን?

ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሐኪም ቤት ሄዱና ጉበታቸው ጠባሳ ለብሶ መጠንከሩ ተነገራቸው። (አትሟቸው፤ አረቄ ቀምሰው አያውቁም፣ ቫይረስ ነው።) ሐኪሙ «ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ሲደክምዎ ይረፉ፤ ከባድ ነገር ግን እንዳያነሡ። ከጉሮሮዎ ወደ ሆድ በሚወርደው ቧንቧ ላይ ያሉት ደም ሥሮች ተወጥረዋል፤ ከፈነዱ አደጋ ነው» አላቸው።

ሚስታቸው እትዬ አስቴር ቃሉን ይዘው በር ላይ ቆሙ። «ተኝቷል» ይላሉ። ከውስጥ ጋሽ ታደሰ «ኧረ አልተኛሁም፣ ግቡ!» ይላሉ። ኮታቸውን ደርበው፣ ግድግዳ ተደግፈው ይነሣሉ፤ እንግዳው ሲወጣም እስከ አጥር በር ይሸኛሉ። ሰዉ «ተሽሏቸዋል፣ ቆመው ሸኙን!» እያለ ያወራል። በማግስቱ ያልሰማው ሁሉ ይመጣል።

አንድ ቀን ከሊበን ገጠር የድሮ ወዳጃቸው አባ ጂሎ በአይሱዙ መጡ።

«አካም፣ ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ደኅንነታቸውን ጠየቁ።

«ናጋ፣ ናጋ!» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ላብ እያጠመቃቸው።

ሲመሽ እንግዳው ሊሄዱ ተነሡ። ባዶ እጅ መስደድ የለም፤ ግማሽ ኩንታል በቆሎ ተዘጋጅቷል። አባ ጂሎ ጆንያውን ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ጋሽ ታደሰ ቀደሟቸው።

«ኧረ ተው፣ አንተ ታማሚ ነህ!»

«እርስዎ ተሸክመው እኔ እጄን አጣጥፌ ልቁም? ምን ይለኛል ሰው?»

ወደ ትከሻቸው አወጡት። አጥር በሩ ላይ ሲደርሱ ጆንያው ከትከሻቸው ወደቀ፤ ከዚያ የተፉት ደም ደረታቸውን አለበሰው። ሐኪም ቤት ደረሱ፣ ግን አልተመለሱም።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንዱ ተነሥቶ «እንዲህ ያለ ሰው አክባሪ! እስከ መጨረሻው ቆሞ ሸኘን» አለ። እትዬ አስቴር ቀና ብለው አዩት።

«ለሁላችሁም ቆመላችሁ። ለእኔ ትንሽ ቢተኛልኝ ምን ነበረበት?»

እኛም «ሐዘን ነው የሚያናግራቸው» ተባብለን፣ ንፍሮ ወደሚታደልበት ዞርን።