አማቴ የተሳለሙት ካፒቴን

የሰው መጽሐፍ መደርደሪያ አይታችሁ ስለ ሰውዬው አንዳች ነገር ያወቃችሁ ከመሰላችሁ ተሞኝታችኋል። መደርደሪያ ላይ ያለው ለእንግዳ ነው። ወፍራም ወፍራሙ፣ ጀርባው ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት፣ ስለ ታሪክና ስለ አመራር የሚያወራው ሁሉ እዚያ ተገትሮ አቧራ ይጠጣል። የሚነበበው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ትራስ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከፎጣዎቹ ኋላ፣ ወይም እንደ እኔ ከሆናችሁ ወጥ ቤት ከበርበሬው ዕቃ ጀርባ። የእኔን መጽሐፍ ገጾች ብትገልጡ ያስነጥሳችኋል።

እኔ የምወደው የባሕር ወንበዴ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። ዘመኑ ጥንት፣ መርከቡ ባለ ሸራ፣ ካፒቴኑ ምግባረ ብልሹ ግን መልከ መልካም፣ ልጅቷ የባላባት ልጅ ሆና ልትዳር ስትሄድ ባሕር ላይ የምትጠለፍበት ዓይነት ልብ ወለድ ከሆነ ምሳዬን ያስረሳኛል። ባሕር አይቼ አላውቅም። አዳማ ተወልጄ አድጌ፣ ሥራ አግኝቼ ባሕር ዳር መጣሁ፤ እዚህም ያለው ሐይቅ ነው። የአገሩ ሰው ግን ባሕር ብሎ ይጠራዋል፣ እኔም አልከራከርም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣና ጣና ዳርቻውን መምታት ሲጀምር፣ መጽሐፍ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ከፊቱ የሚያልፈው የቱሪስት ጀልባ መሆኑን ለመርሳት ብዙ አይቸግርም።

ችግር የመጣው ሐይቁ ራሱ አማቴን ይዞልኝ ሲመጣ ነው።

አማቴ መሪጌታ አለልኝ የባለቤቴ አባት ናቸው። ከጣና ደሴቶች በአንዷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ሲያስተምሩ ኖረው፣ አሁን ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተጋርደው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ለቀዶ ሕክምናው ወረፋ እስኪደርሳቸው ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤታችን አረፉ። ባለቤቴ የሚሠራው ሐሙሲት ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል። እኔ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ስለዚህ ቤት የምንውለው እኔና መሪጌታ ብቻ ሆንን።

ልጃቸውን ካገባሁ ዓመታት አልፈዋል፣ ግን «የአዳማዋ» ከማለት በቀር ሌላ መጠሪያ ሰጥተውኝ አያውቁም። ክፋት የላቸውም። እሳቸው የጠበቁት የካህን ልጅ፣ ግማሹን ቅዳሴ በቃሏ የምትል ምራት ነበር፤ የመጣችላቸው ደግሞ የኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ የምትሠራ፣ ጾም የሚገባበትን ቀን ከስልኳ የምታይ ሴት ናት። ሌሎቹን የልጆቻቸውን ሚስቶች «ልጄ» ይላሉ። ያቺን ቃል እፈልጋት ነበር። አባቴ የሞተው ገና ሕፃን ሳለሁ ነው፤ የሚለኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ያንቀላፉ መስሎኝ ወንበዴዬን ከበርበሬው ጀርባ አወጣሁት። ማዕበል ተነሥቷል፣ ልጅቷ ካታሪና ከመርከቡ ምሰሶ ጋር ታስራለች፣ ካፒቴን ዲያጎ ገመዱን ለመቁረጥ በሚንከባለሉ በርሜሎች መካከል ይሮጣል። ሳላስበው እንባዬ መጣና አፍንጫዬን ሳብኩ። መሪጌታ ምን ሆንሽ አሉኝ። መጽሐፍ ነው አልኩ። የምን መጽሐፍ አሉኝ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? «የአንዲት ሴት መከራ ነው አባባ፤ ገድል ነገር» አልኩ። ሙሉ ለሙሉ ውሸት አይደለም። ልጅቷ ታስራለች፣ ተርባለች፣ ባሕር ውስጥ ተወርውራ ድናለች። የጎደላት በስሟ የተቀረጸ ታቦት ብቻ ነው።

መሪጌታ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ «በይ አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ። ማዕበሉ ሲበርድ እኔም መጽሐፉን ዘጋሁ። ያን ጊዜ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ለካ ገድል ከተነበበ በኋላ የሰማ ሰው መጽሐፉን ይሳለማል።

ሽፋኑን አልነገርኳችሁም። ካፒቴን ዲያጎ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ነው፤ በአካባቢው ሸሚዝ የሚባል ነገር አይታይም። ካታሪና አንድ ትከሻዋን አውጥታ ደረቱ ላይ ወድቃለች። መሪጌታ መጽሐፉን በክብር ተቀበሉኝ፣ ግንባራቸውን አስነኩ፣ ቀስ ብለውም ሳሙት። ከንፈራቸው ያረፈው የካፒቴኑ እምብርት ላይ ነበር። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ ንባብ ሆነ፣ ከንባብ በኋላ መሳለም ሆነ። ካፒቴኑ ሴትዮዋን የሳማት ዕለት ግን ተቸገርኩ። ለአማት የሚነበብ አሳሳም አልነበረም። እንደ ዋዛ ዘልዬ ወደሚቀጥለው ገጽ ገባሁ።

«ዘለልሽ» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ በቃሉ ሲያደርስ ያዳመጡ ሰው ናቸው። ገጹ ተቀዷል ብላቸው፣ «ድምፅሽም ተቀዷል?» ብለው አፋጠጡኝ።

ስለዚህ መዝለሉን ትቼ መተካት ጀመርኩ። መተቃቀፍ ሲመጣ «ተንበርክከው ጸለዩ» እላለሁ። አሳሳሙ ሲረዝም ጸሎቱንም አስረዝማለሁ። ደራሲው ደግሞ በየምዕራፉ በር መዝጋት የሚወድ ሰው ነው፤ በሩ በተዘጋ ቁጥር ሁለቱን ሰዎች አንበረክካለሁ። መጽሐፉ ሳይጋመስ መርከቡ ገዳም ሆኖ አረፈው። መሪጌታ ለረጅም ጊዜ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና ጠየቁኝ።

«እኒህ ሁለቱ እንዲህ ሌት ተቀን ሲጸልዩ፣ መርከቡን ማን ይነዳዋል?»

ረዳቱ ነው አልኩ። እሱስ አይጸልይም ወይ አሉ። ረዳቱ ገና ነው፣ አልበቃም አልኳቸው።

በባሕሩም ነገር ዝም አይሉም። ከልጅነታቸው ጀምሮ በደንገል ታንኳ ጣናን ሲሻገሩ የኖሩ ናቸውና፣ ካፒቴኑ በማዕበል መካከል ቆሞ ሰይፉን ሲመዝ ተቀመጥ በይው ብለው ተቆጡኝ። በማዕበል የሚቆም ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ከነጭራሹ ውኃ አያውቅም አሉኝ። ያን በሚያህል ባሕር ውስጥ አንድ ጉማሬ እንኳ አለመኖሩም አልተዋጠላቸውም፤ ጉማሬ የሌለበት ውኃ ምን ያስፈራል ብለው ካፒቴኑን ናቁት። በማግስቱ አንድ ጉማሬ ጨመርኩላቸው። መርከቡን ከሥር አንሥቶ ሊገለብጠው ሲል መሪጌታ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

የሽፍታው ነፍስ ግን ከልብ አሳሰበቻቸው። ቁርስ ላይ ሳይቀር ንስሐ ይገባ ይሆን እያሉ ይጠይቁኛል። ሽፍታ ሆኖ የጸደቀ ሞልቷል ብለው ራሳቸውን ያጽናናሉ። ያን ሰሞን በጣም ወደድኳቸው። በወደድኳቸው መጠን ደግሞ ፈራሁ፤ ምክንያቱም ዓይናቸው ይበራል። ዓይናቸው የበራ ዕለት ያን ሽፋን ያያሉ፣ የአዳማዋም እስከ ዕለተ ሞቷ የአዳማዋ ሆና ትቀራለች።

ወረፋው ደረሰ። አንደኛው ዓይናቸው ተሠራና በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሲነሣ ከፊታቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። ብዙ አዩኝ። «ቀጭን አልነበርሽም?» አሉ።

ቤት ደርሰን ባለቤቴ ወደ ሥራው እንደሄደ፣ ገና ጋቢያቸውን ሳያስተካክሉ መጽሐፉን ጠየቁኝ። ተዘጋጅቻለሁ። ፋሲሎ ሰፈር ከምትኖር ጓደኛዬ እውነተኛ ገድል ተውሼ አስቀምጬ ነበር፤ አቀረብኩላቸው። ተቀበሉኝ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ መልሰውም ጭኔ ላይ አኖሩት።

«ይኸ ጧፍ ጧፍ ይሸታል። የእኛው በርበሬ ነው የሚሸት።»

ወጥ ቤት ገብቼ ካፒቴን ዲያጎን አመጣሁት፤ በእጄ ሰጥቼ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። መሪጌታ ሽፋኑን ወደ ብርሃኑ አዙረው በአዲሱ ዓይናቸው ከላይ እስከ ታች መረመሩት። እኔ በልቤ ልብሴን በሻንጣ አስገብቼ አዳማ ደርሼ ነበር።

«ልብስ አልነበረውም?»

«ነበረው አባባ፣ ማዕበሉ ወሰደበት።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የታመሙ መስሎኝ ቀና ስል እየሳቁ ነው፤ ሐኪሙ አትሳቁ ያለ ይመስል ዓይናቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ድምፅ ሳያወጡ ይስቃሉ። ገድል እንዳልሆነ ያወቁት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ገድል በጸሎት ይጀምራል አሉኝ፣ ያንች ሰውዬ ግን በማዕበልና በበርሜል ጀመረ። ታዲያ ለምን ተሳለሙት ብዬ ጠየቅኩ፤ መጠየቅ አልነበረብኝም።

«ልሳለም ስል እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉ። «ዓይን ለሌለው ሽማግሌ ይኸም ጨዋታ ነው። ይኸን ዕርቃን ግን አላወቅሁም፤ እሱን አንች ቀደምሽኝ።»

እንግዲህ ፍረዱ። እኔ ስንት ገጽ ሙሉ ወንበዴ ሳንበረክክ፣ ጉማሬ ከየትም ስጎትት፣ እኝህ ሰው እያወቁ ከወንበራቸው ብድግ ይሉልኝ ነበር። አታላይ ነኝ ብዬ ስኩራራ የተታለልኩት እኔ ነበርኩ። መናደድ ይገባኝ ነበር፤ አልቻልኩም፣ ደስ አለኝ።

ወደ ደሴታቸው የተመለሱ ቀን ጀልባው ድረስ ሸኘኋቸው። ሐኪሙ መነጽር እስኪታዘዝላቸው ማንበብ ከልክሏል። መጻሕፍታቸውን የሚይዙበትን የቆዳ ማኅደር በትከሻቸው አንግተዋል፤ ከቀድሞው ትንሽ ወፈር ብሏል። የያዘውን አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ወደ ቤት ተመልሼ ከበርበሬው ዕቃ ጀርባ ባየሁ ጊዜ ግን ባዶ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ፣ ቢሮ ተማሪ ተሰልፎብኝ ሳለ፣ ስልኬ ጮኸ። ከጀርባ የሐይቁ ነፋስ ይሰማል። ሰላምታ የለ፣ ደኅና ነሽ ወይ የለ።

«ልጄ» አሉኝ። «ያን ጸሎት ደረስሁበት።»

የያዝኩት ማኅተም ከእጄ ወደቀ። የተሰለፉት ተማሪዎች እያዩኝ ምን ልበል፣ እሺ አባባ አልኩ።

«እውነትም» አሉ፣ «መርከቡን የሚነዳ አልነበረም።»